ማንሳት ክልክል ነው!

በቀደም ዕለት ፒያሳ አካባቢ ከፈረሳ የተረፈ አንድ አሮጌ ቤት፣ ከነእንጨት ሰገነቱ፣ በስልኬ ፎቶ ሳነሳ የጎረቤቱ መሥሪያ ቤት ጥበቃ እየሮጠ መጣ።

«ጋሼ፣ ያነሱትን ያጥፉት!»

«ለምን?»

«ክልክል ነዋ!»

«የት ተጽፏል?»

«ይኸው እኔ እየነገርኩዎት!»

አጠፋሁት። ምን ላድርግ? ልጁ ታዟል፤ እንጀራው ነው። ደግሞስ ጥፋት ያሰበ ሰው አስቀድሞ ቦታውን እንደሚያጠና ማን ይክዳል? በጦር ሰፈር አጥር ላይ ማስታወቂያ ቢለጠፍ አይገርመኝም። የሚከነክነኝ ሌላ ነው። «ለጸጥታ ሲባል» የምትለው ቃል አጥሯን ዘላ የት ድረስ እንደምትሄድ ታሪካችን ያውቃታል።

በ1965 ዓ.ም. ወሎ በረሃብ ሲያልቅ መንግሥት ነገሩን አፍኖ ይዞት ነበር። የዩኒቨርሲቲ መምህራን እዚያው ድረስ ሄደው ያነሷቸውን ፎቶግራፎች ግቢያቸው ውስጥ አሳዩ። በጥቅምት 1966 ደግሞ እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የሠራው ፊልም በአገሩ ቴሌቪዥን ታየ። የአዲስ አበባ ሰው ግን በቴሌቪዥኑ ያየው ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ በ1967 የዘመን መለወጫ ምሽት ነው። ደርግ ፊልሙን ከቤተ መንግሥት ድግስ ጋር አዳብሎ አሳየ፤ በማግስቱ ንጉሡን አወረደ።

ምስልን ዙፋን መገልበጫ ያደረገው ደርግ ራሱስ ምን አደረገ? በመስከረም 1977 አሥረኛውን የአብዮት በዓል በድምቀት ሲያከብር ጋዜጠኞች ወደተራበው ሰሜን እንዳይሄዱ ከለከለ። በዓሉ አልፎ፣ መሐመድ አሚን ኮረም ላይ የቀረጸው ጥቅምት 13 ቀን በቢቢሲ ሲተላለፍ ነው ዓለም የተንቀሳቀሰው። በሁለቱም ዘመን የተጠበቀው የአገር ጸጥታ ሳይሆን የባለሥልጣን ገመና ነበር።

አመሉ የኛ ብቻ አይደለም። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣችው የፀረ ሽብር ሕግ አንቀጽ 44 ፖሊስ ያለ ምንም ጥርጣሬ መንገደኛ አስቁሞ እንዲፈትሽ ፈቀደች፤ ካሜራ የያዘ ሁሉ ተቸገረ። በ2009/10 ብቻ ከ100 ሺህ ጊዜ በላይ ፍተሻ ሲደረግ በሽብር ወንጀል የተያዘ አንድም ሰው አልነበረም። የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት በ2010 ሥልጣኑ በቂ ልጓም የለውም ብሎ ፈረደ፤ አንቀጹም በ2012 ተሻረ። ማንም ግን ሽብር የለም አላለም።

እኔም የምለው ይህንኑ ነው። ክልከላ ይኑር፤ ግን ምን፣ የት፣ በማን ትእዛዝ እንደተከለከለ ይጻፍ። ያልተጻፈውን ሰው እንደልቡ ያንሳ፤ ለተከለከለውም አቤት የሚልበት ቦታ ይኑረው።

ያንን ቤት ትናንት ሳልፍ አየሁት፤ እስካሁን አለ። ነገ ቢፈርስ ግን እንዲህ ነበር ብዬ ለልጆቼ የማሳየው ነገር የለኝም።