ብቻውን ባንድ የሆነው ሰው

የቦንጋ ዝናብ አንዴ ከጀመረ ማብቂያ ያለው አይመስልም። ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ ጫካውን በጉም ይሸፍናል፤ ሰውንም ከረከቦት ዙሪያ ይሰበስባል። በእንዲህ ያለ የክረምት ከሰዓት፣ ቡናው ተቆልቶ፣ ጎረቤት ተጠርቶ ሳለ፣ ከስልኬ ላይ አንድ የቆየ አልበም ከፈትኩ። አጠገቤ የነበሩ አዛውንት አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ጥቂት ካዳመጡ በኋላ፣ «ልጄ፣ ይኼ የሠርግ ነው ወይስ የለቅሶ?» ሲሉ ጠየቁኝ። መልስ አጣሁ። ውድ አንባቢ፣ ይህች ጽሑፍ የዚያ ጥያቄ ዕዳ ናት።

አልበሙ እ.ኤ.አ. በ1985 በዋሽንግተን ተቀርፆ በካሴት የወጣው የኃይሉ መርጊያ «ሸሞንሟናዬ» ነው። ባንድ የለበትም። ያለው አንድ ሰው ነው፤ እርሱም አኮርዲዮኑን፣ የኤሌክትሪክ ፒያኖውን፣ ሙግ ሲንተሳይዘሩንና ያማሃውን ሁሉ ራሱ ይጫወታል። ከበሮውን የሚመታለት ደግሞ ማሽን ነው።

ይህን ብቸኝነት ለመረዳት አስቀድሞ የነበረውን ብዛት ማስታወስ ያሻል። ኃይሉ የዋልያስ ባንድ የኪቦርድ ተጫዋች ነበር። ዋልያስ በአዲስ አበባ ሂልተን ሆቴል ለዓመታት የተጫወተ፣ እ.ኤ.አ. በ1977 ደግሞ «ቼ በለው» የተሰኘውን በመሣሪያ ብቻ የተቀነባበረ ሸክላ ያሳተመ ባንድ ነው። በደርግ ዘመን የሰዓት እላፊ ታውጆ ሳለ፣ ያመሸ እንግዳ ወደ ቤቱ መመለስ ስለማይችል ሙዚቃው እስኪነጋ ይቀጥል ነበር። ውጪው በፍርሃት ጭር ሲል፣ አዳራሹ ውስጥ ሰዎች ተያይተው፣ በዓይን ተጠቃቅሰው፣ አንዱ የሌላውን እስትንፋስ እየጠበቀ ይጫወቱ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1981 ባንዱ ለሙዚቃ ጉዞ ወደ አሜሪካ ተሻገረ። ጉዞው ሲያበቃ ከፊሎቹ ወደ አገር ቤት ተመለሱ፤ ኃይሉና ሌሎች ግን እዚያው ቀሩ። አንዱ ባንድ በውቅያኖስ ለሁለት ተከፈለ።

«ሸሞንሟናዬ» የተወለደው ከዚህ ጉድለት በኋላ ነው። አሠራሩ ቀላል ይመስላል፤ አንዱን መሣሪያ ይቀርፃል፣ የቀረፀውን እያዳመጠ ሌላውን በላዩ ይደርባል። ዛሬ ማንኛውም ወጣት በኮምፒውተሩ የሚያደርገው ነገር ነው። ሆኖም ልብ እንበል፤ ሰውየው ከማን ጋር ነው የሚጫወተው? ከጥቂት ጊዜ በፊት ከነበረው ከራሱ ጋር። ለጥያቄው መልስ የሚሰጠው፣ ለምቱ እጅ የሚያጨበጭበው፣ ሲሳሳት የሚሰማውም ራሱ ነው።

አኮርዲዮኑን ደግሞ እንመልከት። በኃይሉ ወጣትነት ዘመን ተወዳጅ የነበረው ይህ መሣሪያ፣ በኋላ በኤሌክትሪክ ኦርጋን ተገፍቶ ነበር። ኃይሉ ግን የተረሳውን ሽማግሌ ከአዲሶቹ ማሽኖች መሐል አስቀመጠው። የምት ማሽኑ አይደክምም፣ አይቸኩልም፣ አይተነፍስም። አኮርዲዮን ግን ወናፍ አለው፤ ካልተነፈሰ አይዘፍንም። በአልበሙ ውስጥ የምንሰማው እንግዲህ የሁለቱን ጉርብትና ነው፤ እስትንፋስ የሌለው ምት፣ በላዩም የሚተነፍስ የትዝታ ዜማ። ለእኔ የሙከራነቱ ጫፍ ይኸው ነው።

ኃይሉ ከጊዜ በኋላ መድረኩን ትቶ በዳለስ አውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ ነጂ ሆነ። ግን አልተወውም፤ ኪቦርዱን ከመኪናው ኋላ ሻንጣ ይዞ፣ ደንበኛ ሲጠብቅ ይለማመድ ነበር። ካሴቱም በበኩሉ የራሱን ጉዞ ቀጠለ። አሜሪካዊው የካሴት ሰብሳቢ ብራያን ሺምኮቪትዝ ባሕር ዳር ላይ አግኝቶት፣ ባለቤቱን አፈላልጎ ደወለለት፤ እ.ኤ.አ. በ2013ም አልበሙ እንደገና ታተመ። ኃይሉ ወደ መድረክ ተመለሰ፤ እ.ኤ.አ. በ2018 «ላላ በሉ» የተሰኘ አዲስ አልበም አወጣ። በመሐሉም እንደ እንደገና ሙሉና እንደ ሚካኤል ሰይፉ ያሉ ወጣቶች የአገሩን ድምፅ ከኮምፒውተር ጋር አዋህደው በራሳቸው መንገድ ብቅ ብለው ነበር።

በከፋ ምድር ተቀምጦ ይህን ታሪክ የሚሰማ ሰው ሌላ መመለስ ትዝ ይለዋል። የከፋ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1897 ሲወድቅ፣ የመጨረሻው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ ተማርከው ተወሰዱ። ዘውዳቸው የአፄ ምኒልክ አማካሪ በነበረው በአልፍሬድ ኢልግ እጅ ወደ ስዊዘርላንድ ተሻግሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1954 ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ። የተረከቡት ግን አፄ ኃይለ ሥላሴ ነበሩ እንጂ ቦንጋ አልነበረችም። ወደ አገር መመለስና ወደ ቤት መመለስ ሁልጊዜ አንድ አይደለም።

ካሴቱም እንዲሁ ነው። ባዕድ ጆሮ አድኖታል፤ ምስጋናው ይድረሰው። ነገር ግን ባሕር ዳር ላይ ያ ካሴት ጠፍቶ አልነበረም፤ እኛው ዘንድ ነበር። ያጣው ቦታ ሳይሆን አድማጭ ነው። በባዕድ ከተማ የተደነቀ ሙዚቃ፣ በገዛ ቋንቋው «ይኼ ምንድን ነው?» ብሎ የሚጠይቀው እስካላገኘ ድረስ፣ እንደ ዘውዱ ነው፤ ድንበር ተሻግሮ ይገባል እንጂ ደጃፍ አይረግጥም።

አልበሙ ሲያልቅ በረካው ደርሶ ነበር። ለአዛውንቱ መልሱን ያን ጊዜ አገኘሁ። «አባቴ፣ ምቱ የሠርግ ነው፤ የለቅሶ የሆነው ያልመጡት ሰዎች ናቸው» አልኳቸው።

ሲኒያቸውን አስቀመጡና ለጥቂት ጊዜ ዝናቡን አዳመጡ።

«እንግዲያስ ድገመው፤» አሉኝ፣ «እኛ እኮ መጥተናል።»