ብልና መርዝ

ብል ራሷ ልብስ አትበላም። በጨለማ ስትበር የምናያት ትንሿ ወርቃማ ክንፍ ያላት የእሳት ራት አፏ ለመብል የተሠራ አይደለም፤ ሱፉንና ሐሩን የሚፈጀው ከዕንቁላሏ የሚፈለፈለው ትል ነው። እርሱም ቢሆን ያማርጣል። ንጹሕ ጥጥ እምብዛም አይስበውም፤ የሰው ላብ ወይም የወጥ ጠብታ ያረፈበትን ግን ይወዳል። ስለዚህ ያልተለበሰው ሳይሆን የተለበሰው ልብስ ለጥፋት ይቀርባል።

ይህን ያሳሰበኝ የእቴጌ ጥሩወርቅ ቀሚስ ነው። በሐር ጥልፍ ያጌጠው ይህ የጥጥ ቀሚስ እ.ኤ.አ. በ1868 ከመቅደላ ወጥቶ ዛሬ በለንደን፣ በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ይገኛል፤ በ2018 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. ለሕዝብ ታይቷል። እቴጌይቱ ራሳቸው ከመቅደላ ወርደው ብዙም ሳይቆዩ፣ በዚያው ዓመት በመንገድ ላይ ዐረፉ።

እንዲህ ያለ ጨርቅ ከብል እንዴት ይተርፋል? የሙዚየሞች የቀድሞ መልስ መርዝ ነበር። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የሜትዝ ከተማው መድኃኒት ቀማሚ ዣን ባፕቲስት ቤኩር የአእዋፍን ቆዳ የሚጠብቅ የአርሴኒክ ሳሙና ሠራ፤ መርዙም ውሎ አድሮ ወደ ላባው፣ ወደ ጸጉሩና ወደ ሱፉ ሥራ ተሻገረ። ሜርኩሪና ናፍታሊን ታከሉ። ፓውል ሙለር በ1939 ነፍሳት ገዳይነቱን ያገኘለት፣ በ1948ም ኖቤል ያሸለመው ዲ.ዲ.ቲ. ተከተለ። ትሉ ሞተ፤ አርሴኒኩ ግን በየክሩ መካከል ተቀመጠ።

የአሜሪካ ሙዚየሞች በ1990 በወጣ ሕግ የነባር ሕዝቦችን ቅዱሳት ዕቃዎች መመለስ ሲጀምሩ፣ ለአሪዞና ሆፒዎች ከተመለሱት በአንዳንዶቹ ላይ አርሴኒክ ተገኘ። ዕቃዎቹ በመስታወት ውስጥ እንዲታዩ የተሠሩ አልነበሩም፤ በሥርዓት የሚለበሱ፣ በእጅ የሚዳሰሱ ነበሩ እንጂ። ከብል የዳነው ከባለቤቱ እጅ ራቀ።

ዛሬ መንገዱ ተለውጧል። አዲስ የገባ ጨርቅ ለብቻው ይቆያል፤ የተጠረጠረው በፕላስቲክ ታሽጎ ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ቅዝቃዜ ውስጥ ሦስት ቀን ያድራል። በማሳያው አጠገብ የሴቷን ጠረን የያዘ ማጣበቂያ ወጥመድ ይቀመጣል፤ ወንዱን ይዞ የብልን መኖር ይናገራል እንጂ ትሉን አይገድልም። ከሁሉ የሚበልጠው ከወለል ስንጥቅ አቧራና ጸጉር እየጠረጉ ማውጣት ነው። (እናቶቻችንም ሣጥኑን እየከፈቱ ልብሱን ፀሐይ ላይ የሚያሰጡት በከንቱ አልነበረም።)

የእቴጌይቱ ቀሚስ ተመርዟል ማለቴ አይደለም። የመቅደላ ቅርስ ይመለስ ስንል ግን፣ መቼና ምን እንደ ተረጨበት የሚናገረው መዝገብም አብሮ ይምጣ ማለት ይገባናል። ልብሰ ተክህኖ ወደ ቤተ መቅደሱ ቢመለስ ካህኑ ይለብሰዋልና።