ታሪካዊ ቁስ አካላዊነት

ታሪካዊ ቁስ አካላዊነት (ታሪካዊ ማቴሪያሊዝም) ማኅበራዊ ሥርዓቶችና ርዕዮተ ዓለሞች ለምንና እንዴት እንደሚለወጡ የሚያስረዳ የማርክሲዝም ንድፈ ሐሳብ ነው። ካርል ማርክስና ፍሬድሪክ ኤንግልስ እ.ኤ.አ. በ1845 እና 1846 «የጀርመን ርዕዮተ ዓለም» በተባለው ሥራቸው ነደፉት፤ ማርክስ ደግሞ በ1859 ለአንድ የኢኮኖሚ መጽሐፉ በጻፈው መቅድም አሳጥሮ አቀረበው። ሰው ሕግ ከማውጣቱና ከመፈላሰፉ በፊት መብላት፣ መልበስና መጠለል አለበት። ስለዚህ የአንድን ዘመን አስተሳሰብ ለመረዳት የሚሻ፣ የዘመኑ ሰው ኑሮውን በምን እንደሚገፋ አስቀድሞ መመርመር ይኖርበታል።

መሣሪያው፣ ጥሬ ሀብቱና የሰው ጉልበት ከነሙያው የምርት ኃይሎች ይባላሉ። መሬቱ የማን እንደሆነ፣ ማን እንደሚሠራና ምርቱን ማን እንደሚወስድ የሚወስነው ደግሞ የምርት ግንኙነት ነው። ሁለቱ ተጣምረው ሥልተ ምርት ይሆናሉ። የምርት ግንኙነቶቹ የኅብረተሰቡ መሠረት ሲሆኑ መንግሥት፣ ሕግ፣ ሃይማኖትና ፍልስፍና በዚያ ላይ የሚቆሙ ላዕላይ መዋቅር ናቸው። የምርት ኃይሎች እያደጉ ሲሄዱ የቀድሞው ግንኙነት ማነቆ ይሆንባቸዋል። ከአሮጌው ሥርዓት የሚጠቀመው መደብና በሥርዓቱ የሚበደለው መደብ ይፋጠጣሉ፤ የአብዮት ዘመንም ይከፈታል።

ማርክስ እ.ኤ.አ. በ1867 በታተመው የ«ካፒታል» የመጀመሪያ ቅጽ ለዚህ ለውጥ ካነሳቸው አብነቶች አንዱ በስኮትላንድ የሚገኘው ሰዘርላንድ ነው። እሱ እንደጻፈው ከ1814 እስከ 1820 ባለው ጊዜ 15,000 ያህል ነዋሪዎች፣ ማለትም ወደ 3,000 ቤተሰቦች፣ በባለርስቷ ትእዛዝ ከቀያቸው ተፈናቀሉ። መንደሮቻቸው ፈርሰው ተቃጠሉ፤ እርሻቸው ግጦሽ ሆነ። በ1825 በቦታቸው 131,000 በጎች ይሰማሩ ነበር። የጎሳው የጋራ ርስት ሆኖ የኖረው ምድር በዚህ መንገድ የግል ንብረት ሆነ። ማርክስ ከዚህ የደረሰበት መደምደሚያ ካፒታሊዝም የተወለደው ከቁጠባ ሳይሆን አምራቹን በኃይል ከመሬቱ ከመንቀል ነው የሚል ነው።

ርዕዮተ ዓለምን በተመለከተ፣ ገዢው መደብ የማምረቻ መሣሪያዎችን ሲይዝ የሐሳብ ማሰራጫዎችንም ይይዛል፤ የራሱን ጥቅም የሁሉም ጥቅም አድርጎ ያቀርባል። ይህ ማለት ግን ሐሳብ አቅመ ቢስ ነው ማለት አይደለም። ኤንግልስ እ.ኤ.አ. በ1890 ለጆሴፍ ብሎክ በጻፈው ደብዳቤ ኢኮኖሚው በመጨረሻው ወሳኝ ቢሆንም ብቸኛው ወሳኝ እንዳልሆነ አስረድቷል። ወጣት ማርክሲስቶች ኢኮኖሚውን ከልክ በላይ ላጎሉበት ስሕተት እሱና ማርክስ በከፊል ተጠያቂ መሆናቸውንም አምኗል።

ጣሊያናዊው ማርክሲስት አንቶኒዮ ግራምሺ ይህን የሐሳብ ድርሻ ጥያቄ ወደፊት ገፋው። እ.ኤ.አ. በ1926 በሙሶሊኒ መንግሥት ከታሰረ በኋላ በጻፋቸው ማስታወሻዎች፣ በምዕራብ አውሮፓ ገዢው መደብ የቆመው በጠመንጃ ብቻ ሳይሆን ትምህርት ቤት፣ ቤተ ክርስቲያንና ጋዜጣ በሚያስገኙለት የሕዝብ ይሁንታ ጭምር መሆኑን አሳየ። ስለዚህ ሥልጣን ከመያዝ በፊትም በሐሳብ መስክ ረጅም ትግል ያስፈልጋል።

በኢትዮጵያ ክርክሩ ከመጽሐፍ ወጥቶ ማሳ ላይ ወረደ። በ1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» ብለው ሰልፍ ሲወጡ፣ በደቡብ ጭሰኛው ከምርቱ ሲሶውን፣ አንዳንዴም እኩሌታውን ለባለርስቱ ያስረክብ ነበር። በአብዮቱ ሥልጣን የያዘው ወታደራዊ መንግሥት (ደርግ) የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ያወጣው አዋጅ ቁጥር 31 የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት አደረገ፤ ጭሰኛውን ከኪራይና ከዕዳ ነጻ አወጣ፤ የአንድ ቤተሰብ ይዞታ ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ወሰነ። የገበሬ ማኅበራትም ቢያንስ 800 ሄክታር በሚሸፍን አካባቢ እንዲቋቋሙ ደነገገ።

ፊውዳላዊው የምርት ግንኙነት በአዋጅ ተሰበረ፤ ወዝአደሩ ግን ገና በቁጥር ጥቂት ነበር። አብዮቱን ማን ይምራ? ከሁለቱ የማርክሲስት ድርጅቶች መኢሶን ለደርግ ሂሳዊ ድጋፍ ሲሰጥ ኢሕአፓ ጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥት ይቋቋም አለ። ሁለቱም ማርክስንና ሌኒንን እየጠቀሱ በጋዜጦቻቸው ተሟገቱ። ሙግቱ በደም ተበከለ፤ ደርግ ባወጀው የቀይ ሽብር ዘመን አንድ ትውልድ ታጨደ።

በ1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ ማርክሲዝም ሌኒኒዝም ከቤተ መንግሥት ወጣ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 ግን መሬት እንዳይሸጥና እንዳይለወጥ ይከለክላል። የ1967ቱን የመሬት አዋጅ የወለደው ርዕዮተ ዓለም ከሥልጣን ቢወርድም፣ በመሬት ላይ የግል ባለቤትነትን ያስቀረው መሠረታዊ ድንጋጌ ጸንቶ ቆይቷል።