ጥርኝ ውሃና 78 ነፍስ፦ ለሌቪን ንባብ ከሰሜን ተራሮች ሥር የቀረበ መልስ

አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ተመራማሪ ዶናልድ ሌቪን በ1965 እ.ኤ.አ. ያሳተመው «ሰምና ወርቅ» ስለ አማራ ገበሬ በሚጻፈው ሁሉ ላይ ጥላውን ጥሎ ኖሯል። ሌቪን መንዝ ወርዶ፣ ከገበሬው ጋር ኖሮ ነው የጻፈው፤ ልፋቱን አላናንቅም። ጠቤ ከአንድ ፍርዱ ጋር ነው። እንደ እርሱ አቀራረብ ገበሬው ሰውን በባሕርዩ ጠበኛና የማይታመን አድርጎ ያያል፤ ጾሙና ተግሣጹም ይህን ባሕርይ መግሪያ ነው። ይህ አነባብ እስከ ጫፉ ሲወሰድ በዳይ ይቀጣል እንጂ አይታዘንለትም፣ መከራም ሰውን ይገራል እንጂ አያበስልም።

ለዚህ ፍርድ የምመልሰው ገበሬው በቤተ ክርስቲያን ከሚሰማው ከተአምረ ማርያም፣ የእመቤታችን ተአምራት ከተሰበሰቡበት መጽሐፍ፣ ተነሥቼ ነው። ስለ መጽሐፉ ምንጭና ቅጂዎች ሊቃውንቱ ባጅና ቼሩሊ የጻፉትን እዚህ አልደግመውም። መጽሐፉ ወደ ግእዝ የተመለሰው በዐፄ ዳዊት ዘመን እንደሆነ፣ በቤተ ክርስቲያን የመነበቡ ሥርዓትም ከዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (1434–1468 እ.ኤ.አ.) ጋር እንደሚያያዝ የታወቀ ነው። የሚቆጨኝ ሌላ ነው። መጽሐፉን የመረመሩት ሊቃውንት ወደ ሰሚው አልወረዱም፤ ሰሚውን የመረመረው ሌቪን ደግሞ በፍርዱ ውስጥ ለመጽሐፉ የሚገባውን ቦታ አልሰጠውም።

የካቲት 16፣ በኪዳነ ምሕረት በዓል፣ በሰሜን የደባርቅም የዳባትም ምእመን የሚሰማው ስለ በላዔ ሰብእ፣ ስለ ሰው በላው፣ ነው። ይህ ቅምር የተባለ አገር ሰው 78 ነፍስ በልቷል። አንድ ቀን በውሃ ጥም የሚቃጠል ቁስለኛ ድሃ አገኘው፤ ሌላው ልመና ሁሉ አልፎ በእመቤታችን ስም ሲለምነው ጥርኝ ውሃ ሰጠው። በፍርድ ሰዓት ያ ጥርኝ ውሃ በእመቤታችን ጥላ ከብዶ 78ቱን ነፍስ አነሣ።

ብዙዎች ታሪኩን የአማላጅነት ማስረጃ ብቻ አድርገው ያልፉታል። እኔ የማተኩረው ውሃው ላይ ነው። ይህ ሰው አልተገረፈም፣ በሹም ቁጣ አልተገራም። የዳነው ለተጠማ ሰው ለአንዲት ቅጽበት ስላዘነ ነው። ከአዲ አርቃይ በሊማሊሞ ጠመዝማዛ ወደ ደባርቅ በበጋ በእግሩ የወጣ ሰው ጥርኝ ውሃ ምን እንደሆነ ስለሚያውቅ ተአምሩን ሲሰማ በጉሮሮው ጭምር ይሰማዋል። ታሪኩ ለዚህ ሰሚ የሚነግረው ሰው በላ በተባለው ውስጥ እንኳ ርኅራኄ እንዳልሞተ ነው። በየዓመቱ ይህን እየሰማ ያደገ ሰው፣ ሰውን በባሕርዩ ጠበኛ አድርጎ ያያል ማለት እንዴት ይቻላል?

ሁለተኛው ማስረጃዬ ስቅለት ነው። ማታ፣ ስግደቱ ሲያበቃ፣ ምእመኑ ወደ ካህኑ ጠጋ ብሎ ጀርባውን ያጎነብሳል። ካህኑ በወይራ ዝንጣፊ ቸብ ቸብ ያደርገውና የሚሰግደውን ቁጥር ይነግረዋል። ሌቪንን የሚከተል ሰው እዚህ ቅጣት ያያል። ግን ቅጠሉ አያምም! በዚያው ቀን የሚታሰበው ደግሞ ፈያታዊ ዘየማን፣ በቀኝ የተሰቀለው ወንበዴ ነው፤ ገነት በመግባት የቀደመው እርሱ ነው። ቄስ ያገኘ ሰው በአዘቦቱም ቢሆን «ይፍቱኝ አባ» ብሎ መስቀል ይሳለማል፤ «ይምቱኝ» አይልም። በዳይ በዚህ ቋንቋ የታሰረ ሰው ነው፣ ስለዚህም ይፈታል።

ሦስተኛው ደም ማድረቅ ነው። ገዳይ ድንጋይ ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ በሽማግሌና በመስቀል ታጅቦ ከሟች ወገን ፊት ይቆማል። የሟች ወገን ዝም ይላል፤ ያ ዝምታ ረጅም ነው። ቃሉ ሲመጣ «ይቅር ለእግዚአብሔር» ነው። ተበዳዩ «ይቅር ብዬሃለሁ» አላለም፣ «በደልህ ትንሽ ነው»ም አላለም። በደሉን በክብደቱ እንዳለ ከራሱ ትከሻ አውርዶ ለሌላ ዳኛ ሰጠ። ኀዘን ያበሰለው ሰው ቃል ይህ ነው፤ የተገራ ሰው ቃል አይመስለኝም።

ዋልድባንም ማንሣት ይቻላል። ከሰሜን ተራሮች ሥር፣ በቆላው፣ እህል ትተው በቋርፍ የሚኖሩት መነኮሳት አባት አቡነ ሳሙኤል በሥዕል የሚታዩት አንበሳ ላይ ተቀምጠው ነው። አንበሳው አልታሰረም፤ እዚህም ኃይል በእስርና በቅጣት አልተገራም።

ይህ ሁሉ ወንጀልን ያቃልላል የሚሉ አሉ። ሥርዓቱን ያላዩ ናቸው፤ ካሳው ይከፈላል፣ በደሉም በአደባባይ ይነገራል። ሌቪን ያጠናው መንዝን ነው፣ ሰሜን ደግሞ መንዝ አይደለም የሚለውን ተቃውሞ በአክብሮት እቀበላለሁ፤ ተአምሩ ግን በሁለቱም ቦታ ያው ነው።

ከባዱ ጥያቄ ከዳባት አጠገብ ያለችው ጭና ናት። ሂዩማን ራይትስ ዎች እንደዘገበው ከነሐሴ 25 እስከ 29 ቀን 2013 ዓ.ም. ባሉት ቀናት የትግራይ ኃይሎች በዚያ 26 ሲቪሎችን ገድለዋል። ለሟች ቤተሰብ «ይቅር በሉ» የማለት መብት እኔም ሆንሁ ማንም ጸሐፊ የለንም። ሥርዓቱ ራሱ አይፈቅድም፤ መጀመሪያ ድንጋዩን ተሸክሞ ደጅ የሚቆም፣ ስሙን የሚናገር፣ አንገቱን የሚደፋ ሰው መኖር አለበት። ሽማግሌው ማንን አስከትሎ ነው ከነዚያ ቤቶች ደጃፍ የሚቆመው?