የቨርቹዋላይዜሽንና የክላውድ ቤተ ሙከራ አያያዝ በምዕራብ ጎጃም

የቨርቹዋላይዜሽን ቤተ ሙከራ ማለት፥ በአንድ ግዙፍና ተዳሳሽ ኮምፒውተር ውስጥ፥ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ስርዓተ ክወና ያላቸው ብዙ ረቂቃን ኮምፒውተሮች፥ በሙያው አነጋገር ቨርቹዋል ማሽኖች፥ ተቋቁመው፥ ሰልጣኞች የሰርቨርንና የኔትወርክን ሥራ የሚለማመዱበት ስፍራ ነው። ሃይፐርቫይዘር የሚባለው ፕሮግራም፥ የገዳም መጋቢ ለየመነኮሳቱ መቁነናቸውን እንደሚሰፍር፥ ከራሙም ከፕሮሰሰሩም ጊዜ ለእያንዳንዱ ማሽን ድርሻውን ይሰፍራል፤ አንዱም የሌላውን ድርሻ እንዳይነካ ይጠብቃል። ይኸው ልምምድ በኪራይ በተያዘ የሩቅ ዳታ ሴንተር፥ በኢንተርኔት አማካይነት ሲካሄድ፥ የክላውድ ቤተ ሙከራ ይባላል። የሁለቱም ዓላማ አንድ ነው፤ ይኸውም ተማሪው ማንንም ሳይጎዳ ተሳስቶ፥ ከስሕተቱም ተመልሶ እንዲማር ነው።

ታሪክ

የጥበቡ መነሻ አይቢኤም በ1960ዎቹ (በዚህ ክፍል ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በትላልቅ ኮምፒውተሮቹ ላይ ያካሄደው ምርምር ሲሆን፥ ሲፒ-40 የተባለው ሥርዓት በ1967 ሥራ ጀመረ፤ ቪኤም/370 ደግሞ በ1972 ለገበያ ቀረበ። ቪኤምዌር በ1999 ይህንኑ አሠራር ለተራው ኮምፒውተር አደረሰው። አማዞን በ2006 ቨርቹዋል ማሽኖችን በሰዓት ማከራየት ጀመረ፤ ኬቪኤም የተባለው ሃይፐርቫይዘር በ2007 የሊኑክስ አካል ሆነ፤ በእርሱም ላይ የተመሠረተው ነጻ ሥርዓት ፕሮክስሞክስ በ2008 ወጣ። በዚህም ምክንያት ገንዘቡ ያነሰ ትምህርት ቤት እንኳ ያለ ፈቃድ ክፍያ የተሟላ ቤተ ሙከራ ማቋቋም ቻለ።

የአካባቢው ሁኔታ

ስሟ በግእዝ የሰላም መንገድ የሚል ትርጉም ያላት ፍኖተ ሰላም፥ የምዕራብ ጎጃም ዞን ርእሰ ከተማ ናት። ወደ ነቀምቴ የሚወስደው መንገድ የሚገነጠልባት ቡሬም፥ የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ካምፓስና የተቀናጀ የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ ስላለባት፥ ሰርቨርና ኔትወርክ የሚያውቅ የሰው ኃይል ትሻለች። ነገር ግን በዚህ አገር መብራት ይጠፋል፤ ለክላውድ ኪራይ የሚከፈል የውጭ ምንዛሪም በቀላሉ አይገኝም፤ በአማራ ክልል ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ መቆየቱም ይታወሳል። ስለዚህ ትምህርቱን ሁሉ በክላውድ ላይ ያኖረ፥ መስመሩ በተቋረጠ ዕለት ትምህርቱም ይቋረጥበታል። የሚበጀው ቤተ ሙከራውን በግቢው ሰርቨር ላይ መሥርቶ፥ ክላውዱን ለተጨማሪ ልምምድ ማቆየት ነው። የስርዓተ ክወና ፋይሎችንና የሊኑክስ ፓኬጆችን፥ መስመሩ በተገኘ ጊዜ አንድ ጊዜ አውርዶ በግቢው ውስጥ ማከማቸትም የዚሁ ጥንቃቄ ክፍል ነው።

የድርሻ አሰፋፈር

በመጀመሪያ በኮምፒውተሩ ባዮስ ውስጥ የቨርቹዋላይዜሽን ድጋፍ መከፈቱን ማረጋገጥ ይገባል፤ ተዘግቶ ከሆነ ማሽኖቹ አይነሡም፥ ቢነሡም እጅግ ይንቀራፈፋሉ። ከሁሉ አስቀድሞ የሚያልቀው ራም ነው። 32 ጊጋባይት ራም ያለው ሰርቨር፥ ለ12 ሰልጣኞች ሁለት ሁለት ጊጋባይት ቢሰፍር፥ 8 ጊጋባይት ለራሱ ይተርፈዋል፤ መጋቢውን አስርቦ ለሌላው የሚሰፍር ግን ሁሉንም ያስርባል። ዲስክን በተመለከተ፥ ከሌለው በላይ ቃል የሚገባው ቀጭን ድልድል ጠቃሚ ቢሆንም፥ እውነተኛው ዲስክ በሞላ ጊዜ ማሽኖቹ ባንድነት ስለሚቆሙ፥ ቀሪው ቦታ በየሳምንቱ ይታይ።

ገበሬ ለዘር ያስቀመጠውን በቆሎ ለምግብ እንደማያወጣው፥ አንድ ንጹሕ ማሽንም አብነት ተደርጎ ይቀመጥ፤ ሌሎቹ ከእርሱ ይገልበጡ እንጂ በእርሱ ላይ ማንም አይሥራ። በተያያዥ ግልባጭ ዘዴ እያንዳንዱ ማሽን ከአብነቱ የተለየበትን ብቻ ስለሚይዝ፥ ብዙ ዲስክ ይቆጠባል። ከመገልበጡ በፊት ግን ዊንዶውስን ሲስፕሬፕ በሚባለው መሣሪያው፥ ሊኑክስንም መለያ ቁጥሩንና የኤስኤስኤች ቁልፎቹን በማጥፋት ማዘጋጀት ያስፈልጋል፤ አለዚያ ሁሉም በአንድ ስም የተጠመቁ ያህል እርስ በርሳቸው ይምታታሉ።

ኔትወርክ

የልምምድ ማሽኖች ከግቢው ኔትወርክ በተለየ ውስጣዊ መስመር ይኑሩ። ሰልጣኝ ያቋቋመው የዲኤችሲፒ ሰርቨር ከግቢው መስመር በቀጥታ ከተገናኘ፥ ለሬጅስትራሩም ለፋይናንስ ክፍሉም ኮምፒውተሮች የተሳሳተ አድራሻ ማደል ይጀምራል፤ የአንድ ልጅ ልምምድም የመሥሪያ ቤቱን ሥራ ያውካል።

መልሶ ማቋቋም

ስናፕሾት፥ ማሽኑ በአንድ ሰዓት የነበረበትን ሁኔታ ይዞ፥ ስሕተት ሲደርስ ወደዚያው የሚመልስ ነው፤ ባክአፕ ግን አይደለም፤ ዲስኩ ሲበላሽ አብሮ ይጠፋልና። ስናፕሾት በስናፕሾት ላይ ሲደራረብም ማሽኑን ያዘገያል፥ ዲስኩንም ይሞላል፤ ስለዚህ ትምህርቱ ሲፈጸም ይሰረዝ። እውነተኛው ባክአፕ በሌላ ዲስክ፥ ቢቻል በሌላ ሕንጻ ይቀመጥ፤ መመለሱም በየጊዜው ይፈተን። ወደ ቀድሞ ሁኔታ የተመለሰ ማሽን ሰዓቱ ወደኋላ ሊቀር ይችላል፤ በዊንዶውስ ዶሜይን ውስጥ ልዩነቱ ከ5 ደቂቃ ካለፈ በተለመደው አሠራር መግባት ይከለከላል። መብራት ሲጠፋም ዩፒኤሱ ባትሪው ከማለቁ በፊት ማሽኖቹን በሥርዓት እንዲዘጋ ይደረግ፤ ሲመለስ ዲኤንኤሱና ዶሜይን ኮንትሮለሩ አስቀድመው ይነሡ።

ክላውድ

በክላውድ ላይ የቆመ ማሽን የፕሮሰሰር ኪራዩ ቢቋረጥም፥ ዲስኩ እስኪሰረዝ ድረስ ይከፈልበታል። ስለዚህ የወጪ ማስጠንቀቂያ ይተከል፤ በእያንዳንዱ ማሽን ላይ የባለቤቱ ስምና የሚሰረዝበት ቀን ይጻፍ፤ አካውንቱም ከይለፍ ቃል በተጨማሪ በሁለተኛ ማረጋገጫ ይጠበቅ። የተማሪዎች እውነተኛ መረጃ ለልምምድ አይዋል።

መዝገብ

የማሽኖቹ ስምና አድራሻ፥ የአብነቱ አሠራር፥ የመነሻቸው ቅደም ተከተል፥ የባክአፑም ስፍራ በመዝገብ ይጻፍ፤ አንድ ቅጂም በወረቀት ታትሞ በሰርቨሩ ክፍል ይቀመጥ፤ ሰርቨሩ በወደቀ ዕለት በውስጡ ያለውን መመሪያ የሚያነብ የለምና። ቤተ ሙከራውን ያቋቋመው መምህር ወደ ሌላ ከተማ ቢዛወር፥ ተተኪው ያንን ወረቀት አንብቦ ሰርቨሩን ማስነሣት ከቻለ፥ ቤተ ሙከራው የአንድ ሰው ዕውቀት መሆኑ ቀርቶ የትምህርት ቤቱ ሀብት ሆኗል።