የኢንቴልና የኤኤምዲ ፉክክር፤ የፕሮሰሰር ፍጥነት በምን ይመዘናል?

ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ አባቶቻችን፥ አንድን ዕቃ በስሙ ብቻ ከማመስገን አስቀድሞ ታሪኩን መመርመር ይገባል። በሰፈራችን በአስኮ ለልጁ ኮምፒዩተር ሊገዛ የወጣ አባት ከሻጮች አዘውትሮ የሚሰማው ቃል «ይህ ኮር አይ ፋይቭ ነው፤ ያ ግን ኮር አይ ሰቨን ነው» የሚል ነው። በእኛ አቆጣጠር በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለከፊሎቹ ተማሪዎች በኮምፒዩተር ከተሰጠ ወዲህ ደግሞ ኮምፒዩተር መልመድ ለተማሪ የቅንጦት ጉዳይ መሆኑ ቀርቷል። ብዙ ወራት የተጠራቀመ ገንዘብ ትርጉሙ ባልታወቀ ቃል ላይ ማዋል ያስቆጫል። ስለዚህ የኮምፒዩተር አእምሮ የሆነውን ፕሮሰሰር የሚያወጡት ሁለቱ የአሜሪካ ኩባንያዎች፥ ኢንቴልና ኤኤምዲ፥ እንዴት እንደ ተፎካከሩና ፍጥነታቸው በምን ሲመዘን እንደ ኖረ በአጭሩ እንገልጻለን። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሁለቱ ባላንጣዎች ከአንድ ቤት የወጡ ናቸው። ሮበርት ኖይስና ጎርደን ሙር ፌርቻይልድ ከሚባለው የካሊፎርኒያ ኩባንያ ወጥተው በ1968 ኢንቴልን አቋቋሙ፤ ከዚያው ኩባንያ የወጣው ጄሪ ሳንደርስም ከባልንጀሮቹ ጋር በ1969 ኤኤምዲን መሠረተ። ኢንቴል በ1971 ያወጣው 4004 የተባለው ፕሮሰሰር 2,300 ያህል ትራንዚስተሮች ነበሩት። በ1981 አይቢኤም የግል ኮምፒዩተሩን በኢንቴል 8088 ሲሠራ፥ ዕቃው በአንድ ሻጭ እጅ ብቻ እንዳይቀር ሁለተኛ ሠሪ እንዲኖር ፈለገ። በዚህ ምክንያት በ1982 ሁለቱ ኩባንያዎች ተዋዋሉ፤ ኤኤምዲም የኢንቴልን ንድፍ ተከትሎ መሥራት ጀመረ።

ስምምነቱ ግን አልዘለቀም። ኢንቴል በ1985 ያወጣውን የ386ን ንድፍ ለኤኤምዲ አልሰጥም ስላለ፥ ነገሩ ወደ ግልግል ዳኝነትና ወደ ፍርድ ቤት ሄዶ እስከ 1995 ቆየ። በዚህ መካከል ኤኤምዲ በ1991 የራሱን 386 አወጣ። የኢንቴሉ ከ33 ሜጋኸርዝ ሳያልፍ የኤኤምዲው 40 ሜጋኸርዝ ደረሰ። ሜጋኸርዝ ማለት ፕሮሰሰሩ በአንድ ሰከንድ የሚመታው ምት በሚሊዮን ሲቈጠር ነው። የሁለቱ አሠራር ተመሳሳይ ስለ ነበረ፥ በዚያን ጊዜ ቁጥሩን ብቻ አይቶ የፈረደ ገዢ ብዙ አይሳሳትም ነበር።

ስሕተቱ የመጣው ንድፎቹ ከተለያዩ በኋላ ነው። በማርች 2000 ኤኤምዲና ኢንቴል በሁለት ቀን ልዩነት 1 ጊጋኸርዝ፥ ማለትም በሰከንድ 1,000,000,000 ምት፥ ደረስን ብለው አወጁ። በዚያው ዓመት ኢንቴል ያወጣው ፔንቲየም 4 ምቱ እጅግ የፈጠነ ሲሆን በያንዳንዱ ምት የሚፈጽመው ሥራ ግን ያነሰ ነበር። ነገሩን በምሳሌ እናስረዳ። ከአስኮ ወደ መርካቶ እህል የሚያመላልሱ ሁለት ተሸካሚዎች ቢኖሩ፥ አንዱ በቀን 6 ጊዜ 20 ኪሎ፥ ሌላው 4 ጊዜ 40 ኪሎ ቢያደርሱ፥ ፈጣኑ 120 ኪሎ ሲያደርስ ዝግተኛው 160 ኪሎ ያደርሳል። ምልልሱን ብቻ የቈጠረ ሰው ሸክሙን ረስቷል። ኤኤምዲም ይህን ለማሳየት በ2001 በ1,533 ሜጋኸርዝ የሚሠራውን ፕሮሰሰር «1800+» ብሎ ሰየመው፤ ገበያተኛውም ቁጥሩን ከፔንቲየም 4 ጋር እንደ ተደረገ ንጽጽር ተረዳው። በ2006 ደግሞ ኢንቴል ራሱ ምቱ ዝግ ያለውን ኮር 2 ዱኦ አውጥቶ የራሱን ፔንቲየም 4 በለጠበት። በዚህም የምት ቁጥር ብቻውን ሚዛን አለመሆኑ ተረጋገጠ።

እንግዲህ የቀረው መንገድ ለሁለቱም አንድ ዓይነት ሥራ ሰጥቶ ጊዜውን መቍጠር ነው። በ1988 ስፔክ የተባለው ማኅበር የተቋቋመው ለዚህ ነው። ይሁን እንጂ ሥራውን የሚመርጠው ማን ነው የሚል ጥያቄ ተነሣ። በ2010 የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን፥ የኢንቴል ኮምፓይለር፥ ይኸውም ፕሮግራምን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚለውጠው መሣሪያ፥ በሌሎች ኩባንያዎች ፕሮሰሰር ላይ በእኩል ላይሠራ እንደሚችል ለፕሮግራም ጸሐፊዎች እንዲገለጽ ኢንቴልን በስምምነት አስገደደ። በ2011 ኤኤምዲ ባፕኮ ከተባለው የፈተና አዘጋጆች ማኅበር ፈተናው ትክክለኛ አይደለም ብሎ ወጣ። ሚዛንም እንደ ዕቃው መመርመር አለበት ማለት ነው።

በኋላም ኩባንያዎቹ በአንድ ፕሮሰሰር ውስጥ ኮር የሚባሉትን ሠራተኞች ማብዛት ያዙ፤ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና። ኤኤምዲ በ2017 ራይዘን የተባለውን ባለ 8 ኮር ፕሮሰሰር ለተራው ገዢ አቀረበ። በዚያው ዓመት ኢንቴል ለላፕቶፕ ያወጣው ኮር አይ ፋይቭ 8250ዩ 4 ኮር ሲኖረው፥ በ2016 የወጣው ኮር አይ ሰቨን 7500ዩ 2 ብቻ ነበረው። እነሆ፥ «ሰቨን» ከ«ፋይቭ» የሚያንስበት ጊዜ አለ!

ስለዚህ ወላጆችንና ታናናሽ ወንድሞቻችንንና እኅቶቻችንን የምንመክረው ይህ ነው። የስሙን መጀመሪያ ብቻ ሳይሆን ሙሉ ቁጥሩን ጠይቁ፤ ትውልዱ የሚታወቀው በእርሱ ነው። የኮሩን ብዛት እወቁ። ራም ያነሰው ወይም ዲስኩ ዝግ ያለ ኮምፒዩተር ፕሮሰሰሩ ቢፈጥንም ሥራ ፈቶ እንደሚጠብቅ አትርሱ። ከሁሉም በላይ ከመክፈላችሁ በፊት ልትሠሩበት ያሰባችሁትን ሥራ እዚያው አሠሩት። አስኮ በጫማ ሥራ ስሟ የሚነሣ ሰፈር ናት፤ ጫማም በእግር ተለክቶ እንጂ በሣጥኑ ላይ በተጻፈው ቁጥር ብቻ አይገዛም።