ስለ ሐተታ ዘርዐ ያዕቆብ ክርክርና ስለ ጽሑፍ አመንጪው መሣሪያ

በኢትዮጵያ ሥነ ጽሑፍ ታሪክ ሐተታ ዘርዐ ያዕቆብን ያህል ሊቃውንትን ለረጅም ዘመን ያሟገተ መጽሐፍ ማግኘት ያስቸግራል። መጽሐፉ ስለ ራሱ እንደሚናገረው ደራሲው በ17ኛው መቶ ዓመት የኖረ የአክሱም አገር ሰው ነው። ወደ አውሮፓ የደረሰው ግን ከ1850 በኋላ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የተባለው ሚሲዮናዊ ለአንቷን ዳባዲ በላከለት ጊዜ ነው። ኤኖ ሊትማን በ1904 የግዕዙን ጽሑፍ አሳተመው። በ1920 ግን ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ ተነሥቶ፣ የመጽሐፉ ደራሲ ራሱ ሚሲዮናዊው ነው ሲል ጻፈ።

ኮንቲ ሮሲኒ ይህን ያለው እንዲያው በግምት አልነበረም፤ በዚያ ዘመን የነበረ የአንድ ኢትዮጵያዊ ካህን ምስክርነት ይዞ ነው። ኦይገን ሚትቮኽም በ1934 ደገፈው። ዓለማየሁ ሞገስና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት ክሎድ ሰምነር በበኩላቸው መጽሐፉ የኢትዮጵያዊ ነው ብለው ተከራከሩ። ሰምነር በ1970ዎቹ ባሳተሟቸው ጥራዞች የሐተታውን ቃልና አሳብ ከሚሲዮናዊው ጽሑፎች ጋር አስተያዩ። ጌታቸው ኃይሌ አስቀድመው የሐሰት ሥራ ነው ይሉ ነበር፤ በ2017 ግን አሳባቸውን ለውጠው የኢትዮጵያዊ ድርሰት መሆኑን ጻፉ። ከዚያ ቀደም ብላ በ2013 አናይስ ቪዮን የኮንቲ ሮሲኒን ወገን የሚያጠነክር ጥናት አውጥታ ነበር። ነገሩ ዛሬም አልተቈረጠም፤ እኔም በዚህ አጭር ጽሑፍ ልቈርጠው አልተነሣሁም።

ለመምህራን ላሳስብ የምፈልገው ሌላ ነገር ነው። በዚህ ክርክር ውስጥ የገቡት ሁሉ ስማቸውን አስፍረው፣ ማስረጃቸውን ቈጥረው ነው የተሟገቱት። ሁለቱ የብራና ቅጂዎች በፓሪስ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት በዳባዲ ስብስብ ውስጥ በቍጥር 215 እና 234 ተመዝግበው ይገኛሉ፤ የተጠራጠረ ሰው ሄዶ ሊገልጣቸው ይችላል። ሐሰት ቢሆን እንኳ ሐሰተኛው እጅ ነበረው፤ ደብዳቤ ይጽፍ ነበር፤ ወዳጅና ጠላት ነበረው። ሊቃውንቱ የተከተሉት ይህን ፈለግ ነው።

ቻትጂፒቲ የተባለው መሣሪያ በኅዳር ወር 2022 ለሕዝብ ከቀረበ ወዲህ ግን እንዲህ ያለ ፈለግ የሌለው ጽሑፍ እየበዛ መጥቷል። መሣሪያው ብዙ ጽሑፍ ከተመገበ በኋላ ከአንድ ቃል ቀጥሎ የትኛው ቃል ሊመጣ እንደሚችል እየገመተ ዐረፍተ ነገር ይሠራል። ስለዚህ ያለ መጽሐፍና የሌለ መጽሐፍ በእርሱ ዘንድ አንድ ዓይነት መልክ አላቸው፤ የደራሲ ስም፣ ዓመትና ገጽ አሳምሮ አሟልቶ የሌለ ዋቢ ይጠቅሳል። በዚያው ወር ሜታ የተባለው ኩባንያ ለሳይንስ ሰዎች ይረዳል ብሎ፣ 48 ሚሊዮን ያህል ጥናቶችንና የትምህርት ጽሑፎችን አስነብቦ፣ ጋላክቲካ የሚባል ተመሳሳይ መሣሪያ አውጥቶ ነበር፤ ሐሰቱን በሊቅ አነጋገር የሚያቀርብ ሆኖ ስለ ተገኘ በሦስት ቀን ውስጥ ከሕዝብ ፊት አነሣው። በ2023 ደግሞ በኒው ዮርክ ጠበቆች ከቻትጂፒቲ የተገኙ፣ ከቶ ያልነበሩ ስድስት የፍርድ ውሳኔዎችን ለዳኛ ጠቅሰው 5,000 ዶላር ተቀጥተዋል። ጠበቆቹ ይህ የደረሰባቸው ተቃራኒ ወገን ውሳኔዎቹን ፈልጎ ስላጣቸው ነው። በታሪክ ጥናት ግን ተቃራኒ ወገን ሁልጊዜ አይገኝም።

አንዳንዶች ሐሰተኛ ድርሰት ድሮም ነበረ ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው። ነገር ግን በአንድ ቀጭን መጽሐፍ ላይ የተነሣው ጥርጣሬ ሊቃውንቱን ከመቶ ዓመት በላይ ካደከመ፣ በየቀኑ ለሚፈልቀው ጽሑፍ መርማሪ ከየት ይመጣል? ጌታቸው ኃይሌ አሳባቸውን ሲለውጡ ለምን እንደ ለወጡ ጽፈዋል። መሣሪያው ግን ጠያቂው ቃሉን በለወጠ ቍጥር መልሱን ይለውጣል፤ ትናንት ላለው ዛሬ አይጠየቅበትም። የደበዘዘ የብራና ፊደል ለማንበብ የሚረዳው መሣሪያ ከዚህ የተለየ ነው፤ ንባቡን ከብራናው ጋር አስተያይቶ ማረም ይቻላልና በእርሱ ላይ ክርክር የለኝም።

ተማሪ ጽሑፍ ባቀረበ ጊዜም መምህሩ በቤተ ቅኔ የኖረውን ልማድ ሊከተል ይችላል። ደቀ መዝሙሩ የቈጠረውን ቅኔ በመምህሩ ፊት ይነግራል፤ መምህሩም እየሰማ ያርመዋል። እንዲሁ ተማሪው የጠቀሰውን መጽሐፍ ይዞ ይምጣ፤ ገጹንም ገልጦ ያንብብ፤ ከዚያ መምህሩ ስለ ምንባቡ ይጠይቀው።